ጀርባ የሌለው ካሜራ

ዜልማ ብሩሳርድን መኪናዋ ውስጥ ያላያት ሰው አያውቃትም። ስራ ላይ ድምፅ የላትም። ጉዳዩ ችሎት ፊት ከመድረሱ በፊት ጠበቆች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የምስክር ቃል ሲቀበሉ፣ በቪዲዮ የምትቀርጸው እሷ ናት። ቀኑንና ሰዓቱን ትናገራለች፣ «መቅረጽ ጀምረናል» ትላለች፣ ከዚያ በኋላ ጣሪያው ቢደረመስ አፏን አትከፍትም። የማንም ወገን አይደለሁም ብላ ምላለች። ስራው አልቆ መኪናዋ ውስጥ ገብታ መስኮቱን ስትዘጋ ግን፣ በስመ አብ! የሌክ ቻርልስ ከተማን ድልድይ ተሻግራ እስክትጨርስ ጠበቃ የተባለ ሁሉ ከነዘር ማንዘሩ ልክ ልኩን ይሰማል። አንድ ቀን መስኮቱን መዝጋት ረስታ መብራት ላይ ቆማ ስድቡን ስታወርደው፣ አጠገቧ የነበረ የዓሣ መኪና ሹፌር አንገቱን አውጥቶ «እናቴ፣ እኔን ነው? ምን አጠፋሁ?» አላት።

«አንተን አይደለም፣ ሂድ ወደ ስራህ!» አለችው። እሱንም በቁጣ ነው።

አባቷ ረግረግ ውስጥ ክሮፊሽ የሚሉትን ባለ መቆንጠጫ የውሃ ፍጥረት እያጠመደ ነው ያሳደጋት። ቁጣዋን የወረሰችው ከእሱ ነው፤ ሌላ ያወረሳት ነገር የለም። ወጣት ሳለች ሰርግ ትቀርጽ ነበር፣ የልጆች የመጀመሪያ ቁርባንም ትቀርጽ ነበር። ባሏ ሂውስተን ካለች አንዲት ሴት ጋር ሲሄድ ግን ሰርግ አቅለሸለሻት። ሙሽራው «እስከ ዕለተ ሞቴ» ሲል እሷ ከካሜራው ኋላ «ውሸታም!» ማለት ስትጀምር፣ ሰዎች መጥራታቸውን ተዉ። እንዲህ ነው ጠበቆች ዘንድ የደረሰችው።

የዚህ ስራ ደንብ አንድ ነው። ካሜራው የሚያየው ምስክሩን ብቻ ነው፤ ያውም ከደረቱ በላይ። የሚጠይቀው ጠበቃ ድምፁ ይሰማል እንጂ መልኩ አይታይም። ይህን ደንብ ያወጣው ሰው ራሱ ጠበቃ መሆን አለበት፣ ሌላ ማን ሊሆን! ድምፃቸውን ማር እየቀቡ ፊታቸውን ያጣምማሉ። ምስክሩ ስለ ሞተ ልጁ ሲናገር ያዛጋሉ። ንግግሩ ቶሎ የማይወጣለት ሰው ሲያገኙ ድምፅ ሳያሰሙ ከንፈራቸውን እንደሱ ያንቀጠቅጡበታል። ይህንን ሁሉ ዜልማ አይታለች። አንድ ቦይለር፣ የእንፋሎት ጋን፣ ሰሪ ሰውዬ እንዲህ ሲያላግጡበት ታግሶ ታግሶ፣ በመጨረሻ የቡና ኩባያውን አንስቶ ወረወረ። ለጁሪው፣ ፍርዱን ለሚሰጡት ተራ ሰዎች፣ የታየው በጨዋ ደንብ ሲጠየቅ ኩባያ የሚወረውር እብድ ነው። ተፈረደበት። ያን ቀን ዜልማ ድልድዩን ተሻግራም ስድቧ አላልቅ ብሏት ከተማውን ሁለት ጊዜ ዞረች፤ ወዲያው በራሷ ገንዘብ ሌላ ካሜራ ገዛች።

የቁንዶ በርበሬ መፍጫ የሚያህል ነገር ነው። ጠረጴዛው መሃል ይቀመጣል፤ አናቱ ላይ ዙሪያውን ዓይን አለው። በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ አንድ ላይ ያይና በአንድ ረጅም ምስል ጎን ለጎን ይደረድረዋል። ከማን ፊት ለፊት ነው፣ ለማን ጀርባውን ሰጠ የሚባል ነገር የለም። የምትሰራበት ድርጅት ባለቤት ሚስተር ቲቦ ሲያየው ፊቱን አጨማደደ።

«ዜልማ፣ ደንበኞቻችን ይህን አይወዱትም።»

«አውቃለሁ። ስለማይወዱት ነው የገዛሁት።»

ካሜራው ጃኔል የምትባል ጀማሪ ጠበቃ መጥታ እሺ እስክትል ድረስ ሳጥኑ ውስጥ ተቀመጠ። ጃኔል የኤርሊን ለዶ ጠበቃ ናት። የኤርሊን ባል ኖርበርት የከተማው ነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ ታንክ ላይ ሲሰራ የዛገው መደገፊያ ተገንጥሎ ወደቀ፣ ሆስፒታል ሰንብቶ ሞተ። ኤርሊን ስትከስ ኩባንያው ታዲያ ምን አለ? ሰክሮ ነው የወደቀው አለ! በዕለቱ ደሙን ለመጠጥ የመረመረው ሰው ስለሌለ ማስረጃው የአንድ ሰው ቃል ነው። «ያን ጠዋት መጠጥ መጠጥ ይሸት ነበር» ያለው ኡርሲን ጊድሪ ነው። ኡርሲን የኖርበርት የስራ ጓደኛና የልጁ የካሚ ክርስትና አባት ነው። ይህን ቃል ከሰጠ በኋላ ፎርማን አደረጉት።

ኤርሊን ግን በኡርሲን አልፈረደችበትም ነበር። «አስፈራርተው ነው ያስባሉት፣ እሱ ምን ያድርግ፣ እሱም ልጆች አሉት» ትል ነበር። ቀብሩ ላይ ሣጥኑን ከፊት የተሸከመው፣ ካሚን አቅፎ ያለቀሰው እሱ ነው። ለጃኔል የነገረቻት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ባሌን ሰካራም አይበሉት። የፈለገው ይሁን፣ ይህቺን ብቻ አንሺልኝ።» ኖርበርት በወጣትነቱ ይጠጣ ነበር። ካሚ ክርስትና በተነሳች ቀን ግን ካህኑ ፊት ሁለተኛ አልቀምስም ብሎ ማለ። ከዚያ ወዲህ የሚያውቀው ጣፋጭ ለስላሳ ብቻ ነው።

ማጣሪያው ውስጥ ጩኸቱ ጆሮ ስለሚያደነቁር ሰራተኛው በእጅ ነው የሚግባባው። እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ምልክት አለው፤ የአንዱን ሌላው አያውቅም። ኖርበርት ዓርብ ዓርብ ከታንኩ አናት ሆኖ አውራ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ፣ ትንሿን ጣቱን ዘርግቶ፣ እጁን ሁለቴ ነቅነቅ ያደርጋል። «ማምሻውን እኔ ቤት፣ ለስላሳው ቀዝቅዟል» ማለት ነው። ይህን የሚያውቁት አብረውት የሚሰሩት ጥቂት ሰዎችና ሚስቱ ናቸው።

ኤርሊን ቃሏን በሰጠችበት ቀን የኩባንያው ጠበቃ ሚስተር ስታንስል ዘግይቶ ገባ። ጠረኑ ደስ የሚል፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው ነው። ኡርሲን ኩባንያውን ወክሎ አጠገቡ ተቀመጠ። ዜልማ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ሆና ቀኑንና ሰዓቱን ከተናገረች በኋላ ደንቡ እንደሚያዛት ጮክ ብላ «የዛሬው ካሜራ ዙሪያውን ነው የሚያየው። በጠረጴዛው ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ እየተቀረጸ ነው» አለች።

«ጥሩ፣ ጥሩ» አለ ስታንስል ስልኩን እያየ። ይህን የሚያስታውቅ ወረቀትም ቀደም ብሎ ተልኮለታል፤ እንደዚህ ያለ ሰው ግን ካሜራ የምታቆም ሴት የላከችውን ወረቀት ያነባል? አያነብም። ከዚያ ስልኩን አስቀመጠና እጁን ዘርግቶ ካሜራውን ያዘው። ጎኑ ላይ አንዲት ቀይ መብራት አለችው። መብራቷ ወደ ኤርሊን እስክትዞር ድረስ አሽከረከረው።

«እኔን ማን ሊያይ፣ እሷን ይይ እንጂ» አለ። ኡርሲን ሳቀ።

ዜልማ «ጌታዬ፣ ይሄ እኮ...» ስትል ሳያስጨርሳት «ሴትዮ፣ አንቺ ስራሽን ስሪ» አላት። ጥርሷን ነክሳ ወደ ስራዋ ተመለሰች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ዕድሜ ልኩን አንድ ዓይን ያለው ካሜራ ሲያይ የኖረ ሰው፣ ካሜራ ሁሉ ፊትና ጀርባ ያለው ይመስለዋል።

መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር። ኤርሊን እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ትመልሳለች። ስታንስል አንድ ወረቀት ሰጣትና ታነበው ዘንድ ጠየቃት፣ አቀርቅራ አነበበች። ቀና ስትል ማር በሚያንጠባጥበው ድምፁ ጠየቃት።

«ወይዘሮ ለዶ፣ ሐዘንዎን እንጋራለን። ባለቤትዎ ከስራ በኋላ ዘና ማለት ይወዱ ነበር?»

ይህን እያለ አውራ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ትንሿን ጣቱን ዘረጋ። ሁለቴ ነቅነቅ።

ኤርሊን ወንበሩን ገልብጣ ተነሳች። «ያንን ማን አሳየህ? አውርድ! አውርድ እጅህን አንተ ውሻ! ማን ነው ያሳየህ? እሱ የኖርበርት ነው!»

ጃኔል ወረቀቷ ላይ አቀርቅራ ስለነበር ቀና ስትል እጁ ወርዷል። «እጅዎን ምን አደረጉ ሚስተር ስታንስል?» አለች።

«እኔ? ከንፈሬን ጠረግኩ። ወይዘሮዋ ሐዘን ላይ ናቸው፣ አይፈረድባቸውም። ምስክሯ መጮኻቸው ግን ይመዝገብልኝ።»

ኤርሊን ወደ ኡርሲን ዞረች። «ኡርሲን፣ አንተ አይተኸዋል አይደል? አጠገቡ ነህ እኮ! ንገራቸው በማርያም!»

ኡርሲን ጠረጴዛውን እያየ «ምንም አላየሁም ኤርሊን» አለ።

ዜልማ አይታለች፤ ዓይኗን ከስታንስል እጅ አልነቀለችም። ካሜራው እስኪቆም ግን እንድትናገር መሐላዋ አይፈቅድላትም። ሁሉ ነገር አልቆ «መቅረጽ አቁመናል» ካለች በኋላ ጃኔል ተጠግታ «እትዬ ዜልማ፣ በሞቴ፣ እሱንም ይዞታል?» ስትል ጠየቀቻት።

«በዙሪያው ያለውን ሁሉ ይዟል» አለች ዜልማ፣ ሁሉም እንዲሰማት አድርጋ። «ሲጀመርም ተናግሬያለሁ።»

ስታንስል ቦርሳውን እየዘጋ ነበር፣ እጁ ቆመ። ካሜራውን አየ፣ ቀይዋን መብራት አየ። ጎንበስ ብሎ ከኋላው ሲመለከት እዚያም ዓይን አለ። ዜልማ ያን ቀን መኪናዋ ውስጥ የተሳደበችው ግማሹን በሳቅ ነው።

ሳቋ እስከ ሰኞ ነው የቆየው። እንደ አገሬው ሰው የሰኞ ልማድ ቀይ ቦሎቄዋን እሳት ላይ ጥዳ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሯን ከፍታ ቅጂውን ማየት ጀመረች። ረጅሙ ምስል ላይ ሁሉም ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ኤርሊን አቀርቅራ ወረቀቱን ታነባለች። በዚያች ሰዓት ስታንስል ወደ ኡርሲን ዘንበል ብሎ አውራ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገና ቅንድቡን አነሳ፣ እንዲህ ነው? እንደማለት። ኡርሲን ራሱን ነቀነቀ። አይደለም። ከዚያ የራሱን አውራ ጣት ከንፈሩ ላይ አድርጎ፣ ትንሿን ጣቱን ዘርግቶ፣ ሁለቴ ነቅነቅ አደረገ። ስታንስል ደግሞ ሞከረ። ኡርሲን ጎበዝ ተማሪ እንዳገኘ መምህር ፈገግ አለ።

ዜልማ መልሳ አየችው። «አፈር ብላ!» አለች። «አፈር ብላ አንተ ይሁዳ! ሣጥኑን ተሸክመህ! ልጅቷን አቅፈህ!» ቦሎቄው አረረ፣ ቤቱ በጭስ ታፈነ፣ እሷ ግን ወንበሯ ላይ ናት። ስልኩን አንስታ ኤርሊን ጋ ለመደወል ጀመረችና አስቀመጠችው። የማንም ወገን አይደለሁም ብላ ምላለች። 

ከሰዓት በኋላ ሚስተር ቲቦ ራሱ ደወለ።

«ዜልማ፣ ሚስተር ስታንስል ደውሎልኝ ነበር። ምስክሯን ብቻ ቁረጪና ላኪ፣ እንደ ድሮው። ሌላው አያስፈልግም።»

«ቆርጬ ከላክሁ በኋላ 'ሙሉና ትክክለኛ ቅጂ ነው' ብዬ የምፈርመውስ?»

«እሱ ልማድ ነው፣ ዝም ብለሽ ፈርሚ።»

«አልፈርምም።»

«ዜልማ፣ ትልቁ ደንበኛችን ነው። እንጀራችን እሱ ነው።»

«ያንተ እንጀራ ከሆነ ብላው። እኔ እንዲህ ያለ እንጀራ አይወርድልኝም!»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። በዚያው ከስራ ወጣች፣ ቅጂው ግን ደንቡ እንደሚለው በእጇ ነው። ስታንስል ደግሞ ወደ ችሎት ሮጠ፦ ቅጂው ለማንም ሳይሰጥ ዳኛ ይወስን፣ ለጁሪውም የምስክሯ ምስል ብቻ ይታይ ብሎ አመለከተ። ኤርሊን እስከዚያ ድረስ ምንም አላየችም። መንገድ ላይ ከዜልማ ጋር ሲገናኙ «ኡርሲን ደንግጦ ነው፣ ባያይ ነው እንጂ እሱ አይዋሽብኝም» አለቻት። ዜልማ ቸኩያለሁ ብላት ሄደች። ያን ቀን መኪናዋ ውስጥ ስድብ አልበቃት ብሎ መሪውን በጡጫ መታችው።

ቀጠሮው ደርሶ ችሎቱ ሲከፈት አዳራሹ በማጣሪያው ሰራተኞች ሞላ። ኡርሲን አዲሱን ሸሚዙን ለብሶ ከስታንስል ኋላ ተቀምጧል። ዳኛዋ ሸበቶ፣ ትዕግስት የሌላት ሴት ናት።

«ምስሉ ይከልከል የሚሉኝ ምን ስላለበት ነው?» አለችው ስታንስልን።

«ክብርት ዳኛ፣ የምስክርን ቃል ስንቀበል ምስክሩን ብቻ ነው የምናሳየው። የቆየ ልማዳችን ነው። ሌላው የጁሪውን ሐሳብ ይበትናል።»

«የምከለክለውን ሳላይ አልከለክልም። ይታይ።»

ዜልማ ተነስታ ቅጂውን ከፈተች። ትልቁ ስክሪን ላይ የራሷ ድምፅ ተሰማ፦ በጠረጴዛው ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ እየተቀረጸ ነው። ስታንስል «ጥሩ፣ ጥሩ» ሲል ተሰማ። ከዚያ ካሜራውን ጨብጦ ሲያሽከረክረው ሲታይ፣ ምስሉ ሲዞር የእሱ ፊት በአንድ ጫፍ ወጥቶ በሌላው ጫፍ እንደገና መጣ፤ ከኋላ የተቀመጡት ሰራተኞች በሳቅ ፈነዱ። ዳኛዋ ዝም አሰኘቻቸው። ኤርሊን ወረቀቱን ስታነብ ታየ። የስታንስል እጅ ተነሳ። የኡርሲን ራስ ተነቀነቀ። የኡርሲን አውራ ጣት፣ ትንሿ ጣት፣ ሁለቴ ነቅነቅ።

ሳቁ ጠፋ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ሰራተኛ «ኧረ በማርያም፣ ይሄ የኖርበርት አይደለም እንዴ?» አለ። ሌላው «ኡርሲን፣ አንተ!» አለ። ማር የሚያንጠባጥበው ድምፅ አዳራሹን ሞልቶ ሐዘንዎን እንጋራለን አለ፣ እጁ ተነሳ፣ ኤርሊን ጮኸች። የኡርሲን ድምፅ ምንም አላየሁም ኤርሊን ሲል ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች።

«ይበቃል። ሙሉው ለጁሪው ይታያል፣ አንድም ነገር አይቆረጥም። ሚስተር ስታንስል፣ ስለ እጅዎ ደግሞ ለብቻችን እንነጋገራለን። መጠጥ ሸተተኝ ያለው ምስክርዎ ይሄው ሰውዬ ነው?»

ስታንስል «አዎ፣ ክብርት ዳኛ» አለ።

ጃኔል ኤርሊንን ልታቅፋት ዘንበል ስትል ቦታዋ ላይ አልነበረችም። ኤርሊን ተነስታለች። አልጮኸችም፣ እንባም የላትም። ቀስ እያለች በመደዳው መሃል አልፋ ኡርሲን ፊት ቆመች።

«ኡርሲን» አለችው። «ካሚን ክርስትና ያነሳህበት እጅ ይሄ ነው?»

ኡርሲን ቀና ብሎ አላያትም። ቀኝ እጁን ከጉልበቱ ላይ አንስቶ ሱሪ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ይህን ጊዜ ነው ዜልማ የፈነዳችው። «አውጣት!» ብላ ጮኸች ከስክሪኑ ስር። «ጠየቀችህ እኮ! እጅህን ከኪስህ አውጣና አሳያት አንተ! እኛን ስታሳየን አልነበር? እሷንም አሳያት!»

ዳኛዋ መዶሻዋን ደጋግማ መታች። ዜልማ ግን አላቆመችም፤ የስንት ዓመት ዝምታ ነው። ጠባቂው መጥቶ ክንዷን ይዞ እስኪያስወጣት ድረስ «አውጣት!» እያለች ነበር። በሩ ሲዘጋ ከኋላዋ የሰማችው ኤርሊን በዚያው ድምፅ ጥያቄዋን ስትደግም ነው። ኡርሲን እጁን አላወጣም።

ዜልማ መኪናዋ ውስጥ ገብታ እንደ ልማዷ መስኮቱን ዘጋች። አፏን ብትከፍት የሚወጣ ነገር አጣች። ድልድዩን ዝም ብላ ተሻገረች።